ጉናን ቀና ብለን እንየው
(ለጎልማሶች የንባብ ጣቢያ በወገዳ የተደረገ ንግግር)



የዛሬው ንግግራችን ስለ ዘር አዘራር ወይም ስለ ከብት በሽታ አይደለም። ስለ አገራችን መልክ፣ ስለ አራዊቱና ስለ ጥበቡ ጥቂት እንጨዋወታለን። ፊደል ቆጥራችሁ ማንበብ ከጀመራችሁ ወዲህ መጻሕፍት ስለ ሩቅ አገር ብዙ ይነግሯችኋል። እኛ ደግሞ ከደጃችን እንጀምር ብለናል።

አንድ ነገር ሁላችንም አይተናል። ከሩቅ የመጣ እንግዳ፣ አንገቱ ላይ ካሜራ ያንጠለጠለ፣ ከገደል አፋፍ ቆሞ ቁልቁል ሲያይ ይውላል። እኛም በአጠገቡ እያለፍን «ይሄ ሰው ምን ጠፍቶበት ነው?» እንባባላለን። ላም የጠፋችበት ይመስለናል። እርሱ ግን ምንም አልጠፋበትም፤ የሚያየው ገደሉን ነው። እኛ በዚያው ገደል እንጨት ወይም ውኃ ተሸክመን ስንወጣ የምናስበው ስለ ጉልበታችን ነው፤ ስለ ገደሉ መልክ አይደለም። ይህ አያስወቅሰንም። ሸክም ያለበት ሰው የሚያየው መሬት መሬቱን ነው። ዛሬ ግን ሸክሙን ለአንድ አፍታ አውርደን ቀና እንበል።

እስቲ ከስማዳ ሆነን ዙሪያችንን እንቃኝ። በምሥራቅ በኩል በሽሎ ወንዝ ሸለቆውን ሰንጥቆ ይወርዳል። ከበሽሎ ማዶ ወሎ ነው። በደቡብ በኩል ዐባይ አለ፤ ከዐባይ ማዶ ጎጃም ነው። ወደ ሰሜን ስንሄድ የላይ ጋይንት፣ የእስቴና የፋርጣ ሰው የሚካፈለው ትልቁ ተራራ ጉና ቆሟል። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ከ4,100 ሜትር ይበልጣል። ከበሽሎ በረሃ ተነሥቶ ጉና ጫፍ የደረሰ ሰው በአንድ አገር ውስጥ ቆላውን፣ ወይና ደጋውን፣ ደጋውንና ውርጩን አይቷል። ማሽላውን ትቶ ወደ ጤፉ፣ ከጤፉ ወደ ገብሱ፣ ከገብሱ ወደ ጓሳው ይወጣል። በዓለም ላይ ይህን ሁሉ በጥቂት ቀን የእግር መንገድ የሚያሳይ አገር ብዙ አይደለም።

ታዲያ ይህ ተራራ ከየት መጣ? አባቶቻችን እግዜር ሲፈጥረው እንዲሁ ነው ይላሉ። የመሬትን አፈጣጠር የሚያጠኑ ሊቃውንት ደግሞ ድንጋዩን መርምረው እድሜውን ይናገራሉ። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት መሬት ተሰንጥቆ የቀለጠ ድንጋይ እንደ ገንፎ እየፈላ ወጣ። ፈሰሰ፣ በረደ፣ ደረቀ። እንደ ገና ሌላው በላዩ ፈሰሰ። የበሽሎን ገደል ፊት ለፊት ቆማችሁ ብታዩት ድርብርብ ሆኖ ይታያል፤ ልክ በሞሰብ ላይ እንደ ተነባበረ እንጀራ። እያንዳንዱ ንብርብር አንድ ጊዜ የፈሰሰ ድንጋይ ነው። ሰሜን ተራራ የዚያን ዘመን ሥራ ነው። ጉና ግን ታናሽ ወንድም ነው፤ ከ10 ሚሊዮን ዓመት ትንሽ ቀደም ብሎ እሳት እየተፋ የተከመረ ተራራ ነው። እሳቱ ከጠፋ እጅግ ሩቅ ዘመን ሆኖታል፤ አትስጉ።

ተራራውን የሠራው እሳት ነው፤ ገደሉን የሠራው ግን ውኃ ነው። ዝናብና ወንዝ ያንን ንብርብር ድንጋይ ለብዙ ሚሊዮን ዓመታት እየፋቁ እያጠቡ ዛሬ የምናየውን ሸለቆ ቆፈሩት። ሥራቸውንም አልጨረሱም። በክረምት በሽሎና ዐባይ ደፍርሰው ቡናማ ሆነው ሲወርዱ የምታዩት ቀለም የማን ይመስላችኋል? የእርሻችን አፈር ነው። ሱዳን የሚደርሰው፣ ግድብ የሚሞላው ደለል ከኛ ማሳ የተነሣ ነው። የገደሉን ውበት ስናደንቅ ይህችንም አብረን ማሰብ አለብን፤ ውበቱ በየዓመቱ ከኛ እየበላ ነው የሚያድገው።

ስለ ገደል ካነሣን ጨጨሆን ሳንጠራ ማለፍ ነውር ነው። ከጋይንት ወደ ዋድላና ወደ መቄት የሚያሻግረው በር ነው። ዛሬ ቻይናዎች የሠሩት የወረታና የወልድያ መንገድ ስላለ መኪና በሰዓታት ያልፈዋል። በ1860 ዓ.ም. ግን ዐፄ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር ተነሥተው ወደ መቅደላ ሲሄዱ መንገድ የሚባል አልነበረም። በጋፋት የተሠራውን ሴባስቶፖል የተባለውን ትልቅ መድፍ ይዘው ነበር። ክብደቱ ወደ 70 ኩንታል ይጠጋል። ያንን መድፍ በገመድ እየጎተተ በጋይንት፣ በጨጨሆ፣ በዋድላ አሳልፎ፣ የጅዳንና የበሽሎን ገደል አውርዶና አውጥቶ መቅደላ ያደረሰው የሰው ጉልበት ነው። ድንጋዩን እየፈለጡ፣ መንገዱን እየጠረጉ ወደ ስድስት ወር ፈጀባቸው። በዚያ ገደል አህያ ጭኖ የወረደ ሰው ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ማንም ሳይነግረው ያውቃል። መድፉ ዛሬም መቅደላ ላይ አለ።

አሁን ወደ ጉና እንመለስ። ጉና ለኛ ጋን ነው። ክረምት የሚሰጠውን ዝናብ ጓሳውና ጭቃው ይዘው በበጋ ጠብ ጠብ እያደረጉ ይለቁታል። ርብና ጉማራ ከዚያ ይነሣሉ። በምዕራብ ወርደው የፎገራን ሜዳ አጠጥተው ጣና ይገባሉ። የፎገራ ሩዝ የሚበቅለው በዚህ ውኃ ነው። ሌሎቹ ምንጮች ደግሞ በኛ በኩል ወደ ዐባይና ወደ በሽሎ ይወርዳሉ። ስለዚህ አንድ ሰው ጉና ጫፍ ላይ ጓሳውን ገልብጦ ገብስ ቢዘራበት ወሬው በዚያው አይቀርም፤ ቆላ ያለው ገበሬ ምንጩ ሲደርቅ ይሰማዋል።

ጉና ላይ ከጓሳው ሌላ ጅብራ አለ። ሰው ሥራ ፈቶ ሲቆም «ምነው እንደ ጅብራ ተገተርክ?» እንላለን። ጅብራ ግን የሚሰደብበት ምክንያት የለም። በሌሊት ውርጭ፣ በቀን ሐሩር በሚፈራረቅበት ቦታ ቅጠሉን እያጠፈና እየዘረጋ የሚኖር ተክል ነው። ብዙ ዓመት ያድጋል፤ በእድሜው የሚያብበው ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው። አበባውን ከሰው ቁመት በላይ እንደ ምሰሶ ያቆምና ዘሩን አፍስሶ ይሞታል። ይህ ዓይነቱ ጅብራ የኢትዮጵያ ደጋ ልጅ ነው። ለማገዶ የሚቆርጠው ሰው ዘሩ ሳይፈስ ከቆረጠው የብዙ ዓመት ልፋት በአንድ ምድጃ ጠፋ ማለት ነው።

ስለ አራዊት ደግሞ እንነጋገር። መጀመሪያ ስለ ጭላዳ።

ጭላዳን የማያውቅ በመካከላችን የለም። ወንዱ እንደ አንበሳ ጎፈር አለው፤ ደረቱ ላይ ቀይ ምልክት አለው። ሌሊት ገደል ላይ ተጣብቆ ያድራል፤ ጠዋት ፀሐይ ሲሞቅ ወጥቶ ሜዳ ላይ ተቀምጦ ሣር ይነጫል። ከዝንጀሮና ከጦጣ ወገን ሁሉ እንደ ከብት በሣር የሚኖር እርሱ ብቻ ነው። ሌላው የዝንጀሮ ዘር ፍሬ ይለቅማል፣ ሥጋም ካገኘ አይጠላም፤ ጭላዳ ግን ሣሩን በጣቱ እየለቀመ ቀኑን ሙሉ ይግጣል። ደግሞም ከኢትዮጵያ በቀር በየትኛውም አገር በዱር አይገኝም። በሌላ አገር ያለ ሰው ጭላዳን በዱር ለማየት ቢፈልግ አውሮፕላን ተሳፍሮ ወደኛ መምጣት አለበት። እኛ ግን «ይሄ ሌባ!» ብለን ወንጭፍ እናነሣበታለን።

እዚህ ላይ አንድ የጋይንት አባት ቀደም ባለው ስብሰባ የጠየቁንን ጥያቄ ማለፍ አንችልም። «ልጆቼ፣ የገደል ማማር ምን ያበላል? ፈረንጅ ጭላዳ አይቶ ይደሰት፤ ጭላዳው ገብሴን ሲጨርሰው ግን ለኔ ማን ይከፍለኛል?» አሉን። እውነታቸውን ነው። ያን ዕለት ጥሩ መልስ አልነበረንም፤ «አባቴ፣ አስበንበት እንመለሳለን» ብለን ተለያየን። እስከ ዛሬም የተሟላ መልስ አለን አንልም። የምናውቀው ይህን ነው። ጭላዳ ሣሩ ሲታረስበት ወደ ማሳ ይገባል። ገደል አፋፍ ድረስ ባረስን ቁጥር እርሱን ወደ ገብሳችን ጋበዝነው ማለት ነው። ከአፋፉ ጥቂት ሣር ያለበት ቦታ የተዉ፣ በመንደር ወረፋ አውጥተው ማማ ላይ ልጅ የሚያስቀምጡ ሰዎች ጉዳታቸው ያንሳል። ብቻውን የሚጠብቅ ገበሬ ግን ጭላዳው ይቀድመዋል፤ ያውም ልጁን ከትምህርት ቤት አስቀርቶ። የጋይንቱ አባት ጥያቄ እንዳለ ይቆይና ወደ ሌላው እንለፍ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ሁለተኛው ቀይ ቀበሮ ነው። ይህኛው ወሬ ያሳዝናል።

ቀይ ቀበሮ ረጅም እግር፣ ቀጭን አፍ፣ ቀይ ጠጉር፣ ነጭ አንገት ያለው አውሬ ነው። እርሱም በኢትዮጵያ ብቻ ያለ ነው። በደጋው ጓሳ ላይ ይኖራል። ምግቡ አይጥ ነው ቢባል ያስኬዳል። አልፎ አልፎ የበግ ግልገል ይነካል፤ ስሙ የከፋውም በዚህ ነው፤ ዋናው ኑሮው ግን አይጥ ማደን ነው። በቤተሰብ ሆኖ ይኖራል፣ ለአደን ግን ለየብቻ ይወጣል።

በ1990ዎቹ ዓመታት አራዊት የሚያጠኑ ሰዎች በጉና ላይ ጥቂት ቀይ ቀበሮዎች እንዳሉ ጽፈው ነበር። በ2003 ዓ.ም. ገደማ በወጡ ጽሑፎች ግን ጉና ቀይ ቀበሮ ከጠፋባቸው ቦታዎች ጋር ተቆጠረ። በጎጃም ጮቄም እንዲሁ ጠፍቷል፤ በሰሜን ሸዋ ጎሽ ሜዳም እንዲሁ። ይህ የሆነው በአያቶቻችን ዘመን አይደለም። በመካከላችን ያሉ ጎልማሶች ልጅ ሳሉ ጉና ላይ ከብት ሲጠብቁ ያዩት አውሬ ነው። ልጆቻቸው ግን ሥዕሉን በመጽሐፍ ካልሆነ አያዩትም። ዛሬ በመላው ኢትዮጵያ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም። ከእነርሱም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባሌ ተራራ ላይ ናቸው። የቀሩት በሰሜን ተራራ፣ በሰሜንና በደቡብ ወሎ፣ በመንዝና በአርሲ ደጋዎች ተበታትነው አሉ።

ምን አጠፋው? ጠመንጃ ብቻ አይደለም። አንደኛ እርሻው ወደ ላይ ወጣበት። ገብስና ድንች ጓሳውን ሲተኩት አይጡም ሄደ፣ መደበቂያውም ሄደ። ሁለተኛ የኛው ውሻ ነው። እረኛ ይዞት የሚወጣ ውሻ በእብድ ውሻ በሽታ ከተያዘ በሽታውን ለቀይ ቀበሮው ያስተላልፋል። በ1996 ዓ.ም. በባሌ ይህ በሽታ ገብቶ በአንድ ሸለቆ ከነበሩት ቀበሮዎች አብዛኞቹን ፈጅቷቸዋል። ስለዚህ ውሻን ማስከተብ ለልጃችንም ለቀበሮውም ነው። እብድ ውሻ ሰው እንዴት እንደሚገድል ያየ ሰው ይህን ደግመን እንድንነግረው አይፈልግም።

ከጭላዳና ከቀይ ቀበሮ የምንጨምረው አንድ ደስ የሚል ነገር አለ። በመንዝ ጓሳ ላይ ተመራማሪዎች ሲከታተሉ ቀይ ቀበሮው ጭላዳ መንጋ መካከል ገብቶ አይጥ እንደሚያድን አዩ። ጭላዳው አይሸሸውም፣ እርሱም የጭላዳ ግልገል አይነካም። ቢቆጥሩት ብቻውን ሲያድን ከ100 ሙከራ የሚሳካለት ወደ 25 ያህል ነው፤ በጭላዳ መካከል ሆኖ ሲያድን ግን ወደ 67 ይደርስለታል። ጎረቤት እንዲህ ነው እንጂ!

መንዝን ካነሣን የመንዝ ገበሬ የሠራውን እንንገራችሁ፤ ለኛ ከሌላው ሁሉ የሚጠቅመን ይህ ሳይሆን አይቀርም። የመንዝ ሰዎች የጓሳ መሬታቸውን «ቀሮ» በሚባል ሥርዓት ለብዙ መቶ ዓመታት ሲጠብቁት ኖረዋል። አለቃ ይመርጣሉ። ጓሳው ሦስት፣ አራት፣ አንዳንዴም አምስት ዓመት ይዘጋል፤ ከብት አይገባም፣ ማጭድ አይገባም። ጊዜው ሲደርስ በበጋ ይከፈትና ሁሉም ገብቶ ያጭዳል። ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለገሳ ይሆናል። ክረምት ሲገባ እንደ ገና ይዘጋል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲወጣ ያ ሥርዓት ፈረሰ፤ ጓሳውም ተጎዳ። ሰዎቹ ግን ነገሩ ገብቷቸው ኋላ በራሳቸው ደንብ መልሰው አቆሙት። ዛሬ መንዝ ጓሳ የማኅበረሰቡ ጥብቅ ቦታ ነው። ቀይ ቀበሮም ጭላዳም እዚያ አሉ። ይህን የሠራው ገበሬ ነው፣ ያውም ፊደል ሳይቆጥር በፊት የጀመረው። ጉናም ዛሬ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ተብሎ ተከልሏል። ክልል ብሎ ወረቀት ላይ ማስፈር አንድ ነገር ነው፤ ማን ከብቱን ያወጣል፣ መቼ ይታጨዳል፣ አጭዶ የሚወስደው ማን ነው የሚለው ግን በየመንደሩ ካልተቋጨ እንደ መንዝ አይሆንም።

ስለ ዋልያ፣ ስለ ኒያላና ስለ ሌሎቹ አራዊት ብናወራ ይመሻል። ዋልያ በዓለም ላይ በሰሜን ተራራ ብቻ ያለ የዱር ፍየል መሆኑን፣ ቁጥሩም ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በጣም መቀነሱን ተናግረን እንለፍ። ደግሞም ይህን አስታውሱ፤ የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት የዓለም ቅርስ የሚባሉትን ቦታዎች መመዝገብ የጀመረው በ1970 ዓ.ም. ማብቂያ ነው። በዚያ በመጀመሪያው ዓመት በመላው ዓለም የተመዘገቡት 12 ቦታዎች ብቻ ነበሩ። ከ12ቱ ሁለቱ የኛ ናቸው፤ አንዱ ሰሜን ተራራ፣ ሁለተኛው ላሊበላ። አንዱ ከሰሜን፣ አንዱ ከምሥራቅ የኛ ጎረቤት ናቸው ማለት ነው።

ላሊበላ ካልን ወደ ጥበብ ደረስን። 11 አብያተ ክርስቲያናት ከአንድ አለት እየተፈለፈሉ መሠራታቸውን ከመካከላችን ለገና የተሳለመ ሰው ያውቃል። ሌላ ሰው ድንጋይ ከምሮ ሕንፃ ይሠራል፤ እነርሱ ግን ድንጋይ ቀንሰው ሠሩ። ሆኖም ጥበብ ሁሉ ከኛ ውጭ ያለ አይምሰላችሁ። ጋይንት ያለችውን ቤተልሔምን ተመልከቱ። ከውጭ ላያት ክብ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ናት። ውስጥ የገባ ሰው ግን በክቡ ውስጥ ሌላ ጥንታዊ፣ አራት ማዕዘን የድንጋይ ሕንፃ ያገኛል። በ1948 ዓ.ም. ገደማ ቶማስ ፓከንሃም የሚባል እንግሊዛዊ ወጣት በበቅሎ መጥቶ አየና «አገኘሁ» ብሎ ጻፈ። እኛ በዚህ ቃል ትንሽ ፈገግ እንላለን። የድጓ ተማሪዎች ከመላ አገሪቱ ለመቶ ዓመታት ሲመላለሱባት የኖሩ ናት። ጠፍታ የምትገኝ አልነበረችም።

ቤተልሔም ለዜማ ምን እንደ ሆነች ላስተዋለ ይደንቃል። የቅዱስ ያሬድን ድጓ የተማረ መምህር የትም ይማር የትም፣ ማስመስከር ሲፈልግ ወደ ቤተልሔም ይመጣል። ዝማሬ መዋሥዕት ማስመስከር የሚፈልግ ደግሞ እዚሁ ጋይንት ወዳለችው ወደ ዙር አምባ ይሄዳል። ከተማ ያለ ሰው ዩኒቨርሲቲ ፍለጋ ሲወጣ፣ የዜማ ሊቃውንት ደግሞ ሊመረቁ ወደኛ ገጠር ይመጡ ነበር፤ አሁንም ይመጣሉ። ድጓውን ስታዩት ከፊደሉ በላይ ደቃቅ ምልክቶች አሉ። ድምፅ የት እንደሚወጣ፣ የት እንደሚወርድ፣ የት እንደሚረግጥ የሚያሳዩ ናቸው። በ16ኛው መቶ ዘመን በዐፄ ገላውዴዎስ ጊዜ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የሚባሉ ሊቃውንት እንዳዘጋጁት ይነገራል። እናንተ ፊደል ለመለየት ስንት ሌሊት እንደ ደከማችሁ ታውቃላችሁ። በዓለም ላይ ከራሱ አውጥቶ ዜማን በጽሕፈት ያኖረ ሕዝብ ጥቂት ነው።

የድጓው መጽሐፍ ራሱ የእጅ ጥበብ ነው። የፍየል ቆዳ ይነከራል። በእንጨት ዛንዚራ ላይ ይወጠራል። ጠጉሩና ሥጋው ይፋቃል፣ በድንጋይ ይታሻል፣ ይደርቃል። በወስፌ መሥመር ይሰመርበታል። ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸትና ከቅጠላ ቅጠል ተበጥብጦ ይከርማል፤ ቀዩ ለአርእስትና ለቅዱሳን ስም ነው። ብዕሩ መቃ ነው። አንድ ትልቅ ድጓ ለመጻፍ የብዙ ፍየል ቆዳና የብዙ ወር ልፋት ይጠይቃል። እንዲህ የተሠራ ብራና በአግባቡ ከተያዘ ከወረቀት ይልቅ ይኖራል። በአድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም ያለው ሥዕል ያለበት ወንጌል ከ1,300 ዓመት በላይ እንደ ሆነው በምርመራ ታውቋል፤ ቀለሙ ዛሬም ያበራል።

ሥዕልንም ማንበብ ይቻላል፤ ይህን ለአዲስ አንባቢ መንገር ደስ ይለናል። በቆዩ አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ ጻድቃንን ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይን ነው የሚሥሏቸው። ክፉውን ሰው ወይም ሰይጣኑን ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን ይሥሉታል። ዓይኑን ቁጠሩና ማን ማን እንደ ሆነ ታውቃላችሁ። ፊደል የማያውቅ ምእመን ታሪኩን ያነብ የነበረው በዚህ ነው።

አሁን ደግሞ የጠፋውን እንናገር። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ቴዎድሮስ በመቅደላ ከሞቱ በኋላ የእንግሊዝ ጦር በዚያ የነበረውን መጽሐፍ፣ ዘውድ፣ ጽዋና ሥዕል ዘርፎ ሄደ። ዕቃውን ለማጓጓዝ 15 ዝሆንና ወደ 200 የሚጠጋ በቅሎ እንዳስፈለገ ተጽፏል። ከመጻሕፍቱ ወደ 350 የሚጠጉት ዛሬም ለንደን ባለው ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። ብዙዎቹ ቴዎድሮስ ከጎንደርና ከሌሎች አብያተ ክርስቲያናት ያሰባሰቧቸው ነበሩ። በ2014 ዓ.ም. ጥቂት ዕቃዎች ተመልሰዋል፤ ዘውድ፣ ጋሻና ሌላም። አብዛኛው ግን እንደ ወጣ ቀርቷል።

በዝሆን የተጫነው ስለ ብዛቱ ይወራል። በከረጢት ስለሚወጣው ግን ማንም አያወራም። ማታ አንድ ሰው ይመጣል፣ «ያች አሮጌ ብራና ለምን ትሆናችኋለች፣ አይጥ ሊበላት ነው» ይላል፣ ጥቂት ብር ያሳያል። ወይም የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ቁልፍ በሌሊት ይሰበራል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል። አዋጁ አዲስ አበባ ነው ያለው፤ ዕቃ ቤቱ ግን የኛ ሰፈር ነው።

ስለ ብራናና ስለ ዜማ ስናወራ የሴቶቻችንን እጅ ረስተን እንዳይሆን። ስንደዶና አክርማ ቀልማ፣ ሞሰብ የምትሰፋ ሴት ሠዓሊ ናት። የሞሰቧን ቅርጽ በወረቀት ሳትነድፍ፣ በጭንቅላቷ ቆጥራ ነው የምታወጣው። ሸማኔውም እንዲሁ ነው፣ ሸክላ ሠሪዋም እንዲሁ። እኛ ግን የሠሩትን እየተጠቀምንበት ለብዙ ዘመን «ቡዳ» እያልን ስም ሰጠናቸው፤ ልጅ እንዳንሰጣቸው፣ ማዕድ እንዳንጋራቸው አደረግን። አንድ ሰው ገደል ያደንቃል፣ ጭላዳ ያደንቃል፣ ጋኑን የሠራችለትን ጎረቤቱን ግን ሰላም አይልም። ይህ ነገር አሁንም ሙሉ በሙሉ አልቀረም፤ ስለዚህ ነው ያነሣነው።

ወደ ጋይንቱ አባት ጥያቄ እንመለስ፤ «የገደል ማማር ምን ያበላል?» ገደል ብቻውን አያበላም። የሚያበላው እንግዳው ማደሪያ ሲያጣ የኛ ቤት ሲያድር፣ በቅሎ ሲከራይ፣ መንገድ መሪ ሲፈልግ፣ ሞሰብ ሲገዛ ነው። በላሊበላና በሰሜን ተራራ ብዙ ሰው ከዚህ ገቢ ያገኝ ነበር። ነገር ግን እዚህ ላይም ልንዋሻችሁ አንፈልግም። በሽታ ሲመጣ፣ ጦርነት ሲነሣ እንግዳው ይቀራል። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ፣ ከዚያም ጦርነት ሲከተል የላሊበላ ሰው ምን እንደ ሆነ ሰምታችኋል። ስለዚህ እርሻን ትቶ እንግዳ መጠበቅ አይሆንም። የጉና ዋናው ጥቅም እንግዳም አይደለም፤ በበጋ የሚወርደው ምንጭ ነው። ቢያንስ ያ ምንጭ ፈረንጅ ቢመጣም ባይመጣም ይመጣል፤ ጓሳው እስካለ ድረስ።

የድጓ ተማሪም አይቀርም። ማታ ማታ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ከደጃችን ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። ውሻው ይጮኽበታል። እኛም ከምጣዱ ዳር ያለችውን ቁራሽ እንሰጠዋለን። ያ ልጅ በሰጠነው ቁራሽ ድጓ ይማራል፤ ዐሥር ዓመትም ሊፈጅበት ይችላል። ስለዚህ የቤተልሔም ዜማ በማን እንጀራ እንደ ቆየ ስትጠየቁ አትፈሩ፣ በኛ በሉ።

ንግግራችንን እዚህ ላይ እናቁም፤ ጊዜውም ገፍቷል፣ መንገድ ያለባችሁም አላችሁ። ከመለያየታችን በፊት ግን አንድ ነገር እንለምናችሁ። ከመካከላችሁ ጉና ላይ ቀይ ቀበሮ ያየ ካለ፣ የት ቦታ እንደ ነበር፣ ስንት እንደ ነበሩ፣ በስንት ዓመተ ምሕረት እንደ ሆነ ይንገረን። ዓመቱን ካላስታወሰ «እገሌ በተዳረ ዓመት» ቢል ይበቃል፤ እኛ እናሰላዋለን። አሁን መጻፍ የሚችል ራሱ ይጻፈው። ደብተሩ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ነው። የመጀመሪያውን ገጽ ባዶ ትተነዋል።